ሁለት ግማሽ ጥለት

እኔ ቂመኛ ነኝ። ኋላ ላይ ምን ነካት ብሎ የሚገረም እንዳይኖር ይህን ከመጀመሪያው መናገሩ ይሻላል። በልጅነቴ ገመድ ስንዘል የገፈተረችኝን የሰፈር ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ዘግቻታለሁ። እናቷ ከረሜላ ይዛ መጥታ አስታረቀችን፤ ከረሜላውን በላሁና መዝጋቴን ቀጠልኩ። እናቴ "የዚች ልጅ ሆድ መጋዘን ነው፣ የገባ አይወጣም" ትል ነበር። አባቴ ይስቃል። እኔም እኮራበት ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

አባቴ ሸማ ተራ ነጠላ፣ ጋቢና የሐበሻ ቀሚስ ይሸጣል። በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ በሰው በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ሲረግጥ ኖሮ ነው ለሱቅ የበቃው። እኔ እዚያው ሱቅ ውስጥ በተጣጠፈ ጋቢ ላይ ተኝቼ አድጌ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ስቀጥል ሥራዬ ከባክቴሪያ ጋር ሆነ፤ ጠዋት ላብራቶሪ እውላለሁ፣ ከሰዓት አባቴን አግዛለሁ። አንድ ቀን ገበያው ቀዝቅዞ ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ እዚያ ትምህርት ቤት የምሠራው ነገር ምን እንደሆነ በሚገባው ቋንቋ እንድነግረው ጠየቀኝ።

"አምፒሲሊን ታውቃለህ አይደል? ባክቴሪያ የሚገድለው መድኃኒት" አልኩት።

"ማን የማያውቅ አለ።"

"አንዳንድ ባክቴሪያ ግን አምፒሲሊኑን የሚሰብርበት ኢንዛይም አለው። እሱ ካለው አይሞትም። እኔ ያንን ኢንዛይም ለሁለት እከፍለዋለሁ። ግማሹ ብቻውን ምንም አይሠራም። ሌላውም ግማሽ እንደዚያው።"

"ደህናውን ዕቃ ለምን ትቆርጪዋለሽ?"

"ባክቴሪያው ውስጥ ሁለት ፕሮቲኖች ይያያዛሉ ወይስ አይያያዙም የሚለውን ማወቅ ስለምፈልግ ነዋ። በዓይን አይታዩም። ስለዚህ አንዱን ግማሽ በአንዱ ፕሮቲን ላይ፣ ሌላውን ግማሽ በሌላው ላይ እቀጥላለሁ። ፕሮቲኖቹ ከተያያዙ ግማሾቹም ይገጥማሉ፣ ኢንዛይሙ ሥራውን ይጀምራል፣ ባክቴሪያው አምፒሲሊን ያለበት ሳህን ላይ ይበቅላል። ካልተያያዙ ይሞታል።"

አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠና "በሕይወት ያለውን አይተሽ፣ እነዚህ ሰዎች ተገናኝተዋል ትያለሽ ማለት ነው" አለ።

"በትክክል!"

"እኔ ታዲያ ስንት ዘመኔ ይሄን ስሠራ! ዲግሪ የሚሰጠኝ አጣሁ እንጂ።"

እውነቱን ነበር። ሸማ ተራ ዛሬ የተሰቀለ አዲስ ጥለት በሳምንቱ በየሱቁ ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። ለበዓል ያወጣኸውን ንድፍ ጎረቤትህ ቀድሞህ ከሰቀለው በቃ፣ ገዢው አንተን ነው ቀጂ የሚልህ። ስለዚህ አባቴ የቀሚሱን ሰፊ ጥለት በሁለት ቁራጭ ነበር የሚያሸምነው። ላይኛውን ግማሽ አንድ ሸማኔ ይሠራል፣ ታችኛውን ግማሽ ደግሞ ሌላ ሰፈር ያለ ሌላ ሸማኔ። አንዱ የሌላውን አያይም። ንድፉንና ክሩን ወስዶ የሚያደርስላቸው፣ ያለቀውንም የሚያመጣው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ሠላሳ ያለፈው፣ ቀልደኛ፣ አባቴ እንደ ልጁ የሚያየው ሰው። ሁለቱን ቁራጭ ገጥሞ የሚሰፋው አባቴ ራሱ ነው፣ በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ።

ላይኛውን ግማሽ ይሸምኑ የነበሩት ሽማግሌ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ከአባቴ ጋር ሠርተዋል። ዝምተኛ ናቸው። ክር ሲረከቡ ጫፉን ምላሳቸው ላይ አድርገው በጣታቸው ፈተግ ፈተግ ያደርጉትና ከዚያ ነው የሚቀበሉት። ዩኒቨርሲቲ ስገባ በእጃቸው የሠሩትን ነጠላ በስጦታ አምጥተውልኛል። ከአባቴ ጋር አንተ ነው የሚባባሉት።

ፊት ለፊታችን ደግሞ አንድ ነጋዴ አለ። ስለሱ በደግ ለመናገር ሞክሬ አልሆነልኝም። የፋሲካ ሰሞን አባቴ ገና መቀሱን ሳያነሳ ያ ሰው የኛን ጥለት አሻንጉሊቱ ላይ አልብሶ በሩ ላይ ገተረው። ተመሳሳይ አልነበረም፣ ራሱ ነበር። ላይኛው ከነታችኛው፣ ከነቀለሙ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ ገብቶ ተቀመጠ። የዚያን ፋሲካ ገዢዎች ወደ ሱቃችን ብቅ እያሉ "ይሄማ እዚያ ማዶም አለ" ይሉን ነበር።

እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሽማግሌውን አይቻቸው ነበር። ማዶ፣ ነጋዴው ሱቅ ውስጥ፣ ዱካ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ይህችን ይዤ አባቴን አላስቀምጥ አልኩት። "አባዬ፣ ሽማግሌው ናቸው። ታችኛውን ከዚያኛው ሸማኔ ወስደው ገጥመው ሸጠውታል። በዓይኔ አይቻቸዋለሁ።" መጀመሪያ ተቆጣኝ። በማግስቱ ደገምኩለት። በሦስተኛው ቀን ዝም አለኝ፣ ዝም ሲለኝ ነገሩ እንደገባበት አወቅሁ።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው አባቴን ሊጠይቁ መጡ። ሻይ ታዘዘላቸው። ሻዩ ሳይመጣ አባቴ "ከእንግዲህ ክር አልልክልህም" አላቸው።

"ለምን?"

"አንተ ታውቀዋለህ።"

"እኔ የማውቀው ነገር የለም" አሉ። አባቴ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። ትንሽ ጠበቁት፣ ከዚያ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ሻዩ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቀዘቀዘ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ቂም ሲወጣ የሚሰማ ቅልል የሚል ነገር አለ፣ እሱ ተሰማኝ።

ለአረፋ አባቴ በሽማግሌው ፋንታ ሌላ ሸማኔ ያዘ። በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የማዶው ነጋዴ የኛን አዲሱን ጥለት እንደገና በሩ ላይ ሰቀለው።

ያን ቀን ነገሩን ደጋግሜ አሰላሁት። ሽማግሌው ንድፉን አላዩትም፣ ክሩን አልነኩትም። እሳቸው አልነበሩም ማለት ነው። ንጹሕ ሰው አስባርሬአለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሲረዳ ሮጦ ሄዶ እግራቸው ላይ ይወድቃል። እኔ የመጣልኝ ሌላ ነው። ይህን ያደረጉኝ ሰዎች ማናቸው? እኔን ሞኝ ያደረጉ፣ በኔ አፍ ሽማግሌ ያዋረዱ? እነሱን ካላቃጠልኩ አላርፍም አልኩ። ሽማግሌውን መካስ ከዚያ በኋላ ይደርሳል ብዬ አስቀመጥኩት።

በዚያው ሰሞን ላብራቶሪ ውስጥ ሳህኖቼ ላይ ባክቴሪያ ጥሩ አድርጎ በቅሎልኝ ለአማካሪዬ ላሳያት በኩራት ወሰድኩት። ዞር ብላም አላየችውም። "የበቀለውን ተዪውና መሞት የነበረባቸውን አሳዪኝ" አለች። የኢንዛይሙን አንዱን ግማሽ ብቻ የያዘው ባክቴሪያ፣ ሌላውን ግማሽ ብቻ የያዘው ባክቴሪያ፤ ሁለቱም ሳህን ባዶ መሆን አለበት። እኔ ችኩል ስለሆንኩ እነሱን ሳልሠራ ነበር የሄድኩት። "እነሱ ሳይኖሩ ይሄ የበቀለው ምንም አይነግረኝም። አምፒሲሊንሽ የበሰበሰ ቢሆንስ?" ብላ መለሰችኝ። ደሜ ፈላ። ግን ከአራት ኪሎ እስከ አውቶቡስ ተራ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቄ ስመጣ እንዴት አድርጌ ሌባውን እንደምይዘው ገባኝ።

ለእንቁጣጣሽ ሦስት ዓይነት ጥለት እንሥራ አልኩት አባቴን፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቀይ። ቀዩ ለናሙና ብቻ ይሆናል፣ ሁለት ቀሚስ፣ ለሽያጭ አይወጣም። አባቴ ልቡ ስለተሰበረ አልተከራከረኝም። ማንን እንደጠረጠርኩ አልነገርኩትም። የሰማያዊውን ላይኛ ግማሽ ለሸማኔው ያደረሰው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ታችኛውን እኔ ራሴ ወሰድኩ። አረንጓዴውን ገለበጥነው፤ እሱ ታችኛውን፣ እኔ ላይኛውን። የቀዩን ሁለቱንም ግማሽ ለሱ ሰጠሁት። ንድፉ በእጁ የሚገጥምለት ቀዩ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። ሌባውን ለማወቅ ይህ ይበቃል። እኔ ግን ማወቅ ብቻ አላረካኝም።

ቀዩን ክር ለብቻዬ ጎጃም በረንዳ ወርጄ ገዛሁት። ሻጩ ክሩን ለምን እንደምፈልገው ሲጠይቀኝ "ለቀሚስ" አልኩት። "ኧረ ተዪ እህቴ፣ ይሄ ለመጋረጃ ጌጥ ነው። ውሃ ካየ ይለቃል፣ ነጩን ሁሉ ነው የሚያበላሸው" አለኝ። አመሰገንኩትና ገዛሁ። ለአክስቴ ልጅ ክሩን ስሰጠው እንደ ዋዛ የሻጩን ቦታ ነገርኩት። "እንዲህ ያለ ቀይ ሌላ ቦታ የለም፣ ለማንም እንዳትናገር" አልኩት። "በአላህ፣ እኔን?" አለኝና ሳቀ።

ገዢዎቹን አላሰብኳቸውም ብል ውሸት ነው። አስቤአቸዋለሁ። ለእንቁጣጣሽ ነጭ ለብሰው የሚወጡ ሴቶች፣ ለልጃቸው የሚገዙ እናቶች። እንቁጣጣሽ ደግሞ ክረምቱ ገና ያልወጣበት በዓል ነው፣ ዝናብ አይጠፋም። አሰብኳቸውና የኔን ቂም ያህል አልከበዱኝም።

በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጠዋት ሱቅ ስደርስ ማዶ ቀዩ ቀሚስ ተሰቅሏል። ሰማያዊው የለም። አረንጓዴው የለም። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ጠበቅሁ፣ ቀዩ ብቻ በአምስትና በስድስት እየሆነ ተሰቀለ። ሁለቱ ሳህኖቼ ባዶ ናቸው፣ ሦስተኛው በቅሏል። የአክስቴ ልጅ መንገድ ላይ ሁለቱን ንድፍ አጠገብ ላጠገብ አድርጎ በስልኩ ፎቶ ያነሳና ይልክ ነበር። የማዶው ነጋዴ ሱቅ አስከፍትሃለሁ ብሎ ተስፋ ሰጥቶት እንደነበር ኋላ ተሰማ።

ለአባቴ በዚያው ቀን መናገር እችል ነበር። ሽማግሌውንም በዚያው ቀን ማስመለስ ይቻል ነበር። ዝም አልኩ። ከተናገርኩ አባቴ ማዶ ሄዶ ይጣላል፣ ቀሚሶቹ ይወርዳሉ፣ ክሩም ውሃ ሳያይ ይቀራል። እኔ ደግሞ ዝናቡን ነው የምጠብቀው። በየቀኑ ከማዶ ቀይ ቀሚስ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሲወጣ እያየሁ ለአባቴ ሻይ እቀዳለሁ። የአክስቴ ልጅ መጥቶ ይቀልዳል፣ እኔም እስቅለታለሁ። እንደዚያ ሰሞን ደስ ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ከቀትር በኋላ ዝናቡ ወረደ። ከመስኮቴ ላይ ሆኜ እያየሁ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፣ እናቴ ምን ሆና ነው ብላ ገብታ አየችኝ።

በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ሱቆች ሲከፈቱ ማዶ ሰው ተሰብስቧል። ቀሚሱን በፌስታል የያዘች፣ በእጇ የዘረጋች፣ ልጇን ከነቀሚሱ ያመጣች። ነጩ ጨርቅ ሁሉ ከጥለቱ ጀምሮ ወደ ታች ሮዝ ሆኗል፤ አንዳንዱ ሥጋ የተጠቀለለበት ይመስላል። "ሌባ!" ትላለች አንዷ። "ለእህቴ ሠርግም ልለብሰው ነበር!" ትላለች ሌላዋ። ያ ሰው ላብ አጥምቆታል። እኔ በራችን ላይ ዱካ አውጥቼ ተቀመጥኩ፣ ሻይ አዘዝኩ፣ እግሬን አጣጥፌ ማየት ጀመርኩ። አባቴ ከኋላዬ ቆሟል።

"እኔ ምን ላድርግ!" ብሎ ጮኸ ሰውዬው። "ሸማኔው ነው! ሸማኔው ነው ጉድ የሠራኝ! እሱን ጠይቁት!" ብሎ ወደ ሱቁ ውስጥ ገባና አንድ ሰው በክንዳቸው ጎትቶ አወጣ። ለመስቀል የሚሆን ሥራ ሊቀበሉ መጥተው ውስጥ ተቀምጠው ኖሯል።

የኛ ሽማግሌ ናቸው።

አባቴ ክር ሲያቋርጥባቸው ወር ሁለት ወር ያለ ሥራ ተቀምጠው፣ ከዚያ የማዶውን ሥራ ተቀብለዋል። የት ይሂዱ? ሌላ ማን ነው የሚያውቃቸው? እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ለማወቅም አልጠየቅሁም። ሰው ከበባቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ቆሙ። አንዷ ሴትዮ ቀለሙን ለማስለቀቅ አጥባው ገና ያልደረቀውን ቀሚስ ፊታቸው ላይ ወረወረችው፤ ጉንጫቸውና የጋቢያቸው ደረት ቀይ ሆነ።

አባቴ ከኋላዬ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ድምፁ ደክሟል። "ለካ ያን ጊዜም እሱ ነበር" አለ። "የኛን ንድፍ እዚያ ነው ሲሸምን የከረመው። ልክ ነበርሽ ልጄ። እኔ ነኝ ያላመንኩሽ።"

በሕይወቴ እንደዚያ የመረረ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም። ሻዩን መሬት ላይ አስቀምጬ ተነሣሁ። መንገዱን ተሻገርኩና ሰዉ መሐል ገባሁ።

"እሳቸው አይደሉም" አልኩ። አልሰሙኝም፣ ጮክ ብዬ ደገምኩት። "ይሄ ንድፍ የአባቴ ነው። ይሄ ሰውዬ ሰርቆን ነው፣ የሰጠውም የአክስቴ ልጅ ነው። ቀለሙ እንደሚለቅ አውቄ ክሩን የገዛሁት ደግሞ እኔ ነኝ። እንዲሰርቁት ብዬ ነው የሰጠኋቸው።"

የሰውዬው ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። አምስት ወር ሙሉ የተመኘሁት ፊት ነበር፣ ግን ዓይኔ እሱ ላይ አልቆየም። ከዚያ ጩኸቱ ለሁለት ተከፈለ፣ ግማሹ በሱ ላይ፣ ግማሹ በኔ ላይ። "አንቺስ ከሱ በምን ትሻያለሽ?" አለችኝ ስለ እህቷ ሠርግ የጮኸችው ሴትዮ። የአክስቴ ልጅ ሱቃችን በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ዞር ስል የለም።

ሽማግሌውን በክንዳቸው ይዤ ከግርግሩ አወጣኋቸው። ነጠላዬን አውልቄ ፊታቸውን ልጠርግላቸው ስል እጄን ገፋ አድርገው ራሳቸው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ክሩን ቀምሼው ነበር" አሉኝ። "ይለቃል ብዬዋለሁ። ምን አገባህ፣ ሸምን አለኝ። ላይኛውን ግማሽ እጄ አወቀው፣ ያባትሽ ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር። ግን ያባትሽን ጥለት ሙሉውን አይቼው ስለማላውቅ እርግጠኛ አልሆንኩም።"

"አባባ" አልኳቸው። "የፋሲካውንም እኔ ነኝ። እዚህ ሻይ ሲጠጡ አይቼ ለአባቴ ሌባው እርስዎ ነዎት ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ አላመነኝም ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ለምኜ ነው ያሳመንኩት።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

"ሥራ ልስጥህ ብሎ አስጠርቶኝ፣ አልፈልግም ልለው ነበር የመጣሁት ያን ቀን" አሉ። "አምስት ወር ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት መወርወሪያዬን ባነሳሁ ቁጥር፣ አባትሽን ነበር የምረግመው።"

ከዚያ ባርኔጣቸውን አደረጉና እኔን አልፈው መንገዱን ተሻገሩ። አባቴ ሲያያቸው ከበሩ ላይ ወረደ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሁለቱም ሱቁ ውስጥ ገቡ፣ እኔ ውጭ ቀረሁ።